የመምህር ወልደ ኪዳን ሻንጣ

መምህር ወልደ ኪዳን የሞቱት ዓሣ ነባሪ ለማየት ሻንጣቸውን በዘጉ ማግስት ነው። ምክትል ኢንስፔክተር ዘሪቱ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ክፍላቸው ስትገባ አስከሬኑ ነጠላ ለብሶ አልጋው ላይ ነበር። ከበሩ ጀርባ በሐምሌ ሞጣ ገበያ ልብስ ሰፊ ዘንድ በስፖንጅ ያሰፉት ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ተሰቅሏል። የሚሳፈሩበት ጀልባ ሰዎች የሚሰጡትን ሰደሪያ አላመኑትም። በመላው ቢቸና ሰምጦ መሞትን የሚፈራ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ዘሪቱ ለአፍታ ሙያዋን ረሳች። ሞጣ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ጂኦግራፊ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ባሕር አይተው የማያውቁት እኒህ ሰው ዓሣ ነባሪ ሲስሉ ሰሌዳው ስለማይበቃቸው ጅራቱን ግድግዳው ላይ ይጨርሱት ነበር።

ጉዞው የአንድ ልጃቸው የሳባ ስጦታ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሳባ ሞምባሳ ሆቴል ውስጥ ሥራ ከያዘች አራት ዓመቷ ነው። ዓሣ ነባሪዎቹ በነሐሴ ወደ ኬንያ ዳርቻ ሲመጡ በጀልባ ወጥቶ የሚያሳየውን ትኬት በአባቷ ስም ቆርጣ የላከችው በሚያዝያ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቢቸና ሰው ፍልሰታን ሙሉ የተከራከረው ዓሣ ነባሪ የጾም ነው የፍስክ በሚለው ላይ ነው። ጡት ስለሚያጠባ ፍስክ ነው ያሉት አሸነፉ። አንድ ቁራጭ ላምጣላችሁ ያላቸው ግን አልነበረም።

ከጤና ጣቢያ የመጣው ባለሙያ እጁን እየታጠበ፣ «ሌሊቱን ተቅማጥ ውኃቸውን አሟጦታል። ልባቸው እንደሆነ ድሮም ደካማ ነው፤ አልቻለውም» አላት።

«ምን አመጣው ተቅማጡን?»

«እሱን አንቺ ንገሪኝ።»

ሰፈሩ ግን መልሱን አግኝቶ ጨርሷል። ድንኳኑ ገና ሳይተከል ገዳዩ ስጦታው የሚባለው ባለ መድኃኒት ቤት ነው ተብሎ ተወስኗል፤ ትናንት ለባሕር ማቅለሽለሽ የሚሆን ኪኒን ሰጥቷቸው ነበርና። ሁለት ፖሊሶች በረንዳ ላይ ይዘውት ቆመዋል። ከአጥሩ ወዲያ ጎረምሶች ድንጋይ ያማርጣሉ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ እውነቱ ካልወጣ ስጦታው ከግቢው በደህና እንደማይወጣ ዘሪቱ አውቃለች።

ስጦታው ሞጣ አብሯት የተማረ ነው።

«ስንት ፍሬ ሰጠሃቸው?»

«አሥር። ጀልባው ከመነሣቱ በፊት አንድ ዋጡ ብያቸዋለሁ።»

«ምን ያስፈራሃል ታዲያ?»

«ድንጋዩ አይታይሽም እንዴ?»

ይታያታል። ግን ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን የመምህሩ መኝታ ቤት ላይ መሆኑም ታይቷታል።

ሻንጣውን ከፈተችው። አሥሩም ኪኒን ከነእሽጉ አለ። ጥቁር ኮት፣ የሩቅ ማያ መነጽር፣ የጀልባው ትኬት፣ አንድ እስር ጧፍና አንድ ደብተር አገኘች። ደብተሩን ገልጣ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተንበርክካ ከአልጋው ሥር አየች። በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ወደ ግድግዳው ተገፍቷል። ላዩ ላይ «ለሳባ» የሚል ጽሑፍ አለበት።

አልጋው አጠገብ ካለው ብርጭቆ ሥር ያበጠ ፌጦ ቀርቷል፤ ከፌጦው ሥር ደግሞ ቀላ ያለ ዝቃጭ። በጣቷ ነክታ ምላሷ ላይ አስነካችና ቶሎ ተፋችው። ብርጭቆውንም አሸገችው።

የሟቹ እህት ወይዘሮ ስንቄ ጓዳ ተቀምጠው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ወንድማቸውን ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ሻንጣውን ማን አሰናዳው?»

«እኔ ነኛ። በርበሬውን፣ ሽሮውን። ልጅቱ አራት ዓመት ሙሉ የአገሯን ሽሮ አልቀመሰች።»

«ማታ ምን ጠጡ?»

«ፌጦ በሎሚ። ባሕር ሆድ ያገላብጣል ብሎ ራሱ ነው ወቅጠሽ ስጪኝ ያለኝ።»

«በምን ወቀጡት?»

«በሙቀጫ ነዋ። ፖሊስ ቤት በምን ትወቅጡ ኖሯል?»

ዘሪቱ ዞር አለች። የትናንት ድስትና ሳህን እንዳለ ተከምሯል። ሙቀጫው ብቻ ታጥቦ ተደፍቷል።

በር ላይ ፋንታ የተባለውን ባለ ባጃጅ ዝናብ ከልብሱ እያንጠባጠበ ቆሞ አገኘችው። መምህሩን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሊያደርስ ተቀጥሮ ነበር።

«ለምን ሳትመጣ ቀረህ?»

«እትዬ ስንቄ ትናንት በአሥር ሰዓት ደውለው ነገ አትምጣ አሉኛ።»

መጨረሻ ላይ ያነጋገረቻቸው ለለቅሶ ከሞጣ የመጡትን የመምህሩን የነፍስ አባት፣ አባ ኃይለ ጊዮርጊስን ነው።

«አባ፣ በሐምሌ መምህር ሞጣ ለምን መጡ?»

«ሰደሪያ ሊያሰፋ ነው አላሉሽም?»

«ብለውኛል። ጧፉንም አይቻለሁ። ንስሐቸውን አልጠይቅዎትም፤ ቤተ ክርስቲያን ምን እንዳስደረጉ ግን ይንገሩኝ።»

አባ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ነገሯት።

በስምንት ሰዓት ሰዉን ሁሉ ድንኳን ውስጥ ሰበሰበችው። ስጦታውን ከፊት አስቀመጠችው።

«ስጦታው አልገደላቸውም። ኪኒኑ አሥሩም ይኸውና፤ አልተነካም። ከብርጭቆው ሥር የቀረው ኮሶ ነው። ከፌጦና ከሎሚ ጋር ስለተደባለቀ፣ መምህር መራራነቱን እንደ መድኃኒት ቆጥረው በአንድ ትንፋሽ ጨልጠውታል። ኮሶ የጠጣ ሰው በማግስቱ ከደጁ እንደማይርቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አውቶቡስማ አይታሰብም። ስለዚህ ኮሶውን የሰጠ ሰው ሊገድላቸው አልፈለገም። ሊያስቀራቸው ነው።»

አንድ ሽማግሌ «ማን?» አሉ።

«ኮሶው ሳይጠጣ፣ በአሥር ሰዓት፣ መምህር እንደማይሄዱ አውቆ ባጃጁን ያስቀረ ሰው። በለቅሶ ቤት ከዕቃው ሁሉ መርጦ ሙቀጫ ያጠበ ሰው።»

ፋንታ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ስንቄ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ሳምንት ቢቆይልኝ ብዬ ነው» አሉ። «ጀልባው ያለ እሱ ቢሄድ ብዬ።»

«ለምን እትዬ?»

የመለሰው ስጦታው ነበር።

«ሳባ ሞታለች። በሰኔ መኪና ገጭቷት እዚያው ተቀብራለች። ከእትዬ ጋር ሆነን ልባቸው አይችለውም፣ መርዶው ይቆይ ተባባልን። በሳባ ስም መልእክት ስጽፍላቸው የቆየሁት እኔ ነኝ። ሞምባሳ ደርሰው ማን ይቀበላቸው?»

ዘሪቱ ደብተሩን ገለጠችው።

«መልእክትህን ሁሉ እዚህ ገልብጠውታል። ‹አባባ፣ የዓሣ ነባሪ እንቁላል አየሁ› ብለህ ጽፈሃል?»

«ዓሣ አይደለም እንዴ?»

«ያን ቀን ክፍል ውስጥ ተኝተህ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ አስምረው አርመውሃል፤ ‹ሳባ ይህን አትስትም። ከአምስት ዜሮ።› ቀኑ ሰኔ ሃያ አምስት ነው። ከሥሩ የሆቴሉን ስልክ ጽፈዋል። ደውለዋል ማለት ነው።»

አንዲት ሴት ሳቅ አምልጧት አፏን በነጠላ አፈነች፤ ሳቁ እዚያው ነጠላው ውስጥ ለቅሶ ሆነ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ ስንቄ።

«ልጁን ሊያይ የሚሄድ አባት በርበሬ ሳይዝ ይሄዳል? እርስዎ የቋጠሩትን አውጥተው ከአልጋው ሥር ገፍተውታል። በምትኩ ጧፍና ጥቁር ኮት ይዘዋል። የሚሄዱት ወደ መቃብር ነበር። አባ፣ ይንገሯቸው።»

አባ ኃይለ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሐምሌ መጨረሻ ላይ የአርባ ቀን ፍትሐቷን እኔ ዘንድ አስፈትቷል። ‹ትኬቱን የገዛችልኝ እንዳይባክን ጀልባዋ ላይ እሳፈርላታለሁ፤ ከዚያ መቃብሯን አያለሁ› አለኝ። ‹ስንቄ እንዳትሰማ፤ እሷ አትችለውም። ስመለስ ቀስ አድርጌ አረዳታለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ ስንቄ አልጮሁም። ሰው ሁሉ የጠበቀው ግን ጩኸት ነበር። ዘሪቱን ቀና ብለው አዩዋት።

«ሁለት ወር አብረን ማዕድ ቀርበናል» አሉ። «እኔ ስለ ሳባ አወራለሁ፤ እሱ ይሰማኛል። እዚያ ሽሮ ይወደድባታል ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀልኝ።»

«እትዬ…»

«ትወስጂኛለሽ፤ ውሰጂኝ። አንድ ነገር ብቻ ፍቀጂልኝ። ልጅቱን አላለቀስኳትም። እንዳይሰማኝ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን ስነክስ ነው የከረምኩ። አሁን ላልቅሳት?»

ዘሪቱ ያወጣችውን ካቴና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ከውጭ ሞተር አስነሥቶ ለሚጠብቀው የፖሊስ ፒካፕ ሾፌር እንዲያጠፋ በእጇ ምልክት ሰጠች።

ወይዘሮ ስንቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ተነሡና የሳባን ስም ጠሩ። ስጦታው ከተቀመጠበት ተነሥቶ አጠገባቸው ቆመ፤ ክንዳቸውን ያዘ። ድንጋይ ያማርጡ የነበሩት ጎረምሶች አንድ በአንድ ገብተው ከኋላው ተሰለፉ።

በዘጠኝ ሰዓት ከቤቱ አንድ አስከሬን ወጣ። ለቀስተኛው በጭቃው ውስጥ የሁለት ሰው ስም እየጠራ ተከተለው።