በኢፍቱና በከዲሮ መካከል

«አንድ ዓመት ምን አላት?» አሉ አቶ ቱሳ ወስፌውን ከኮርቻው ቆዳ ውስጥ እየመዘዙ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ታልፋለች።»

ኢፍቱ በዓይኗ ወስፌውን ተከተለች። አባቷ ነገርን እንዲህ ቀለል አድርገው የሚያወሩት በጣም ሲከብዳቸው እንደሆነ ታውቃለች። ምሳ ልታደርስላቸው ነበር የመጣችው፤ የምሳ ዕቃው እስካሁን ከእጇ አልወረደም። አሰላ ገበያ ዳር ያለችው የኮርቻ መጠገኛ ሱቃቸው ጠባብ ስለሆነች ዕቃውን የምታሳርፍበት ቦታም አላገኘችም።

«የጤና ጣቢያውን ድሬሰር አነጋግሬዋለሁ» ሲሉ ቀጠሉ። «ታማለች ብሎ ወረቀት ይጽፍልናል። ከዚያ ያንን... ማን ነበር የምትሉት?»

«ዊዝድሮው። የማቋረጫ ፎርም።»

«እሱን ትሞያለሽ። ዘንድሮ ማትሪክ አትፈተኚም። ለከርሞ ከከዲሮ ጋር አንድ ክፍል ቁጭ ትላላችሁ፤ አብራችሁ ታጠናላችሁ፣ አብራችሁ ትፈተናላችሁ፣ አብራችሁ ዩኒቨርሲቲ ትገባላችሁ። አዲስ አበባ ብቻሽን ከምትንከራተቺም ወንድም ከጎንሽ ይኖራል።»

ሲናገሩት ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ያልተናገሩት የታላቅ ወንድሟን የጉቱን ነገር ነው። ጉቱ ማትሪክ ወድቆ ቤት በዋለ ሰሞን ቀበሌው ለሁለተኛው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ከማሠልጠኛ አንድ ፎቶግራፍ ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ያኔ የአባቷ ጢም ጥቁር ነበር።

አሁን ደግሞ ታናሹ ከዲሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሷል። ኳስ ሲጫወት ያየው ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ የፈተና ውጤቱን ያየ ግን ጭብጨባውን መልሶ ይወስድበታል። ተማሪ እስከሆነ ድረስ የሚነካው የለም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ከወደቀ ግን የቀበሌው ሰዎች ቤቱን ጠይቀው መምጣት አያስፈልጋቸውም፤ ያውቁታል።

«ዓርብ የተፈታኞች ስም ወደ አዲስ አበባ ይላካል» አለች ኢፍቱ በመጨረሻ።

«ለዚያ ነው ዛሬ የነገርኩሽ።» አቶ ቱሳ ወስፌውን አስቀመጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አላዝሽም። እለምንሻለሁ።»

ቢያዟት ይሻላት ነበር። የታዘዘ ሰው ቢያንስ ያኮርፋል።

በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛዋ ከተናኘወርቅ ጋር ከላቦራቶሪው ጀርባ ፀሐይ እየሞቁ ቆሙ። የጭላሎ ተራራ ነፋስ እዚያ ብቻ አይደርስም። ኢፍቱ ነገሩን አንድ በአንድ አጫወተቻት።

«ክፍል ደግመሽ ነባር ልትሆኚ? አንቺ?» አለች ተናኘወርቅ ዓይኗን አፍጥጣ። «እኔ ብሆን እሺ፤ የሚያዝነው ተገላገልኳት ብሎ የደገሰው የኬሚስትሪው መምህር ብቻ ነው። የክፍሉ ቀለሜ ግን? ፋራ አትሁኚ! ዶክተር እሆናለሁ ብለሽ ስንቱን ቀን አሰልችተሽናል እኮ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እምቢ በያቸዋ!» አለችና ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጉቱ እስካሁን አልጻፈም?»

«አልጻፈም።»

 ተናኘወርቅ ትከሻዋን ከኢፍቱ ትከሻ አስጠግታ ደወሉ እስኪደወል ቆመች።

ቤት ስትገባ እናቷ ፋጡ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ኢፍቱ አጠገቧ ቁጭ ብላ አብራት መልቀም ጀመረች። እናቷ ቀና ሳትል ተናገረች።

«አንድ ዓመት ለሴት ልጅ ረጅም ነው። ያ የኢተያው እህል ነጋዴ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ‹ትምህርቷን ልትጨርስ ነው› ብለን መለስናቸው። ለከርሞ ሲመጡ ምን ልንል ነው? አባትሽ ይሄን አላሰበበትም።»

«ከዲሮስ፣ እማ?»

የእናቷ ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። «እሱም ልጄ ነው» አለች። ኢፍቱ ከእናቷ ምክር ሳይሆን ሌላ ጭንቀት ይዛ ተነሳች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዲሮ እየሮጠ ገብቶ ደብተሩን ጭኗ ላይ ጣለው።

«ፊዚክስ ነው፤ ነገ ይታያል። ቶሎ ስሪልኝ፣ ኳስ አለብኝ።»

ኢፍቱ እርሳሱን አነሳች። ከዲሮ ስድስተኛ ክፍል ከገባ ጀምሮ የቤት ሥራውን የምትሠራለት እሷ ናት። ልጁ እንዳይገረፍ ብላ ጀመረችው፤ ከዚያ ለመደችው። ጥያቄው ከኢተያ ተነስቶ ወደ አሰላ ስለሚመጣ የጭነት መኪና ነበር። አንዱን መስመር ከጻፈች በኋላ እጇ ቆመ።

«ይሄ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«እስቲ አስረዳኝ።»

ከዲሮ ደብተሩን አየ፣ እሷን አየ፣ በሩን አየ። «መኪናው ይነሳል... ከዚያ ፍጥነቱ... ኢፍቱ፣ ኳስ አለብኝ አልኩሽ እኮ!»

ስታስበው ከዲሮ «ገባኝ» ሲል እንጂ ሲያስረዳ ሰምታው አታውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ የጠቀመችው እየመሰላት እርሳሱን ከእጁ ስትቀማው ኖራለች። ለከርሞ አጠገቡ ብትቀመጥስ ከዚህ የተለየ ምን ልታደርግለት ነው?

«አባ ዘንድሮ አትፈተኚ አሉኝ» አለችው። «ካንተ ጋር እንድፈተን።»

ሳይደነግጥ ከጎኗ ቁጭ አለ። «ጠርጥሬ ነበር። ባለፈው ምን እንደጠየቁኝ ታውቂያለሽ? ‹ማትሪክ ላይ በምን ተራ ነው የምትቀመጡት?› አሉኝ። በእንግሊዝኛው ፊደል፣ በስም ተራ አልኳቸው። ‹የኢፍቱ በምን ይጀምራል?› በአይ። ‹ያንተስ?› በኬ። ‹በመካከላቸው ስንት ፊደል አለ?› አንድ፣ ጄ ብቻ ስላቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ‹አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ፊደል ብቻ!› አሉ።»

ኢፍቱ አፏን ያዘች። ለካ የአባቷ ሐሳብ አብሮ ማጥናት ብቻ አልነበረም። በማንም ሥራ የማይገቡት፣ ጫፉ የተበላ ቆዳ ለደንበኛ የማይሰፉት አባቷ ወንድ ልጃቸውን ልታስኮርጀው ከምትችል እህቱ ኋላ እያስቀመጡ ነበር።

«በአርሲ ስንት ጀማል አለ?» አለ ከዲሮ።

«ጄይላንስ?» አለች ኢፍቱ።

«ጁነዲን።»

«ካሳና ከበደን ጨምርበት።»

«ከድር! ከድር እኮ ብቻውን አንድ ክፍል ይሞላል! እኔ ስቀመጥ አንቺ ሌላ አዳራሽ ነሽ!»

ሳቁ። እናታቸው ከጓዳ «ምን ነካችሁ?» እስክትል ድረስ፣ እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። እንባው ሳቁ ካለቀ በኋላም ትንሽ ቀጠለ።

«አትቅሪ» አለ ከዲሮ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «አንቺ ቀርተሽ እኔ ብወድቅስ? ጉቱ ሲወድቅ ብቻውን ነው የወደቀው። እኔ ግን አንቺንም ይዤ ነው የምወድቀው። ያንን ሸክም ተሸክሜ የትም መድረስ አልችልም።»

«አትፈራም?»

«እንዴታ! በራችን በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ቀጥ ትላለች።» ይህን ብሎ ኳሱን ረስቶ እዚያው ተቀመጠ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በሱቁ በኩል አለፈች። የድሬሰሩ ወረቀት መጥቷል፤ አዲሱ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። በወረቀቱ መሠረት የሳንባ ሕመምተኛ ናት። አቶ ቱሳ ሥራ ሳይጀምሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ብዙ የምትለው አዘጋጅታ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ጠፍቶ አንድ ነገር ብቻ ቀራት።

«አባ፣ አልታመምኩም።»

አባቷ ወረቀቱን አዩት። «ከዲሮስ?»

«እስከ መስከረም እዚሁ ነኝ። በየቀኑ አብሬው ቁጭ እላለሁ። የቤት ሥራውን ግን ከዛሬ ጀምሮ አልሠራለትም።»

«ቢወድቅስ?»

አይወድቅም ብትላቸው ደስ ይላቸው ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። «አላውቅም፣ አባ» አለች።

 ውጭ አንድ ገበሬ ፈረሱን አስሮ ኮርቻ ሊጠይቅ መጥቶ ሁለቱን ሲያይ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

«በመካከላችሁ አንድ ፊደል ብቻ ነው ብሎኝ ነበር» አሉ አቶ ቱሳ በመጨረሻ፣ እንደ ልጅ ድምፃቸውን አሳንሰው።

«ሰው ይበዛበታል፣ አባ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱን አጣጥፈው፣ እንደገና አጣጥፈው ከኮርቻው ሥር የሚጎዘጎዘው ጭድ ውስጥ ወሸቁት። «ሂጂ» አሉ ወስፌውን እያነሱ። «እንዳይረፍድብሽ።»

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከዲሮ ደጃፉ ላይ ከእሷ ጋር ተቀመጠ። ያ የጭነት መኪና አሁንም ከኢተያ አልተነሳም። ከዲሮ ጥያቄውን ሠርቶ ባለመምጣቱ መምህሩ ገርፈውት ስለነበር መዳፉን ደጋግሞ ያሻል።

«ገባኝ» አለ።

«አስረዳኝ።»

ተነፈሰ፤ እርሳሱን ያዘ፤ የመጀመሪያውን መስመር ጻፈ፤ ሁለተኛውንም ጻፈ። ሁለተኛው ላይ ተሳስቷል። ኢፍቱ ስሕተቱን ገና ሲጀምረው አይታዋለች። እጇ ወደ እርሳሱ ሊሄድ ሲል ሁለቱንም መዳፎቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

ከዲሮ የጻፈውን እንደገና አነበበ። ግንባሩን ቋጠረ። ወደ እሷ ቀና አለ፤ እሷ ግን ወደ መንገዱ ታያለች። ብዙ ቆይቶ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ላጲሱን ፈለገ።