ከቀላሉ ተሳቢ ሥር

ሐብተ ማርያም ሞቶ የተገኘው እሑድ ጠዋት ነው፤ አዘዞ ባለው የክትባት ዘመቻ ግቢ ውስጥ፣ ሐሙስ ዕለት ራሱ አወድሶ ባስመረጠው ተሳቢ ሥር። በጀርባው ተንጋሏል። ተሳቢውን ከመኪና ጋር የሚያያይዘው ረጅም ብረት፣ መጎተቻ የሚሉት፣ አናቱ ላይ ተጋድሟል። መጎተቻውን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚይዘው እግር ታጥፎ ከጎኑ ወድቋል።

መቶ አለቃ የሻው ከጎንደር ሲደርስ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። አጭር፣ ከሲታ፣ ዓመት ሙሉ ጉንፋን የማይለቀው ሰው ነው። ባልደረቦቹ «አፍንጫው ታፍኖም ያሸታል» እያሉ ያሙታል። አስከሬኑን ያገኘው የጋራዡ ኃላፊ ቢሻው ቢሮ ውስጥ ቃሉን ለመስጠት ይጠባበቃል። የሻው ሬሳውን ዞሮ ዞሮ አየውና እንዲነሣ አዘዘ። አንዱ ፖሊስ ባርኔጣውን በግራ እጁ እንደያዘ መጎተቻውን በቀኙ ገለል አደረገ፤ ሌሎቹ ሟቹን አነሡት። የአናቱ አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ከባድ ነገር ነው የመታው» አለ ሐኪሙ። «ትናንት ከሰዓት፣ አሥር ሰዓት ገደማ ይመስለኛል።»

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ከኋላው አንድ ሰው። የዘመቻው ካድሬ ጓድ ነጋ ነበር፤ በእሑድም ካኪውን አላወለቀም። «ተሳቢውን የሠራው ሰጠኝ የሚባለው የወለቃ ብረት ሠሪ ነው። ብየዳውን ሆን ብሎ አላልቶታል። አሻጥር ነው። ሰውየውን ይዘነዋል፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለደኅንነት አስረክበዋለሁ።»

«ከዚያስ መቼ ይመለሳል?»

«የተመለሰ አሻጥረኛ አይተህ ታውቃለህ?»

የሻው አያውቅም። ዘመኑ 1978 ነበርና፣ እንዲህ ተረክበው የወሰዱት ሰው በነጋታው ስሙም አይጠራም። ሰዓቱን አየ። የቀረችው ጊዜ የአንድ ሰው ዕድሜ ናት።

የተሳቢው ነገር እንዲህ ነው። ጃናሞራ ላይ ኩፍኝ ገብቷል። መኪና የማይወጣውን ዳገት እየወጡ ክትባት የሚያደርሱ አራት ባለ አራት ጎማ ሞተሮች በእርዳታ መጡ፤ የአዘዞ ሰው ገና ከማየቱ «የብረት በቅሎ» ብሎ ስም አወጣላቸው። እስከ ደባርቅ ድረስ ግን በምን ይጫኑ? ይህን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ያን ጊዜ ያለ ኮሚቴ ሚስማርም አይመታም። ለምርጫ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ የብረት ተሳቢ ሲሆን ባዶውን እንኳ ካለ ትልቁ የጭነት መኪና የሚጎትተው የለም፤ መኪናውን የሚነዳውም ቢሻው ራሱ ነው። ሁለተኛው ሰጠኝ ከቧንቧና ከአሮጌ ፊያት ጎማዎች የሠራው ነው፤ ወለሉ ፍርግርግ ስለሆነ ከላይ ቆመው የመንገዱን ጠጠር መቁጠር ይቻላል። የስምሪት ኃላፊው ሐብተ ማርያም ላንድሮቨሩ በቀላሉ ይስበዋል ብሎ ይህን መረጠ። ቢሻው ብቻ አልፈርምም አለ።

የሻው ተንበርክኮ የታጠፈውን እግር በጣቱ ዳሰሰ። ካልዳሰሰ የማያምን ሰው ነው። ብየዳው እንዳለ አለ፤ የታጠፈው ቧንቧው ነው። በጎኑ ላይ ቀለሙ የተላጠ፣ የጡጫ ያህል የሰረጎደ ቦታ አገኘ። በጨርቁ አፍንጫውን ጠረገና ወደ በሩ ሄደ።

ዘበኛው አያ ገብረ ሚካኤል ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ቅዳሜ ከሰዓት ማን ማን ገባ፣ አያ?»

«ሟቹ፣ ሾፌሩ ላቀው፣ ሲስተር አማረችና ቢሻው ናቸው የገቡ።»

«ሰጠኝስ?»

«ምነው ልጄ፣ በቅዳሜ? ቤተ እስራኤሎች እኮ በሰንበታቸው እሳትም አይነኩ።»

«መጨረሻ የወጣው ማን ነው?»

«ውኃ ልቀዳ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሁሉም ወጥተው ነበር መሰለኝ፤ ጭር ብሏል። ሐብተ ማርያምም የወጣ መስሎኝ ዘጋሁት» አሉና አቀረቀሩ።

ሾፌሩ ላቀው ላንድሮቨሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ዓርብ ዕለት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቀሃል አሉኝ።»

«ለአባቴ ተዝካር ፈቃድ ከለከለኝ። ሰኞ ደባርቅ ካንተ ሌላ የሚነዳ የለም አለኝ። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ትናንት ዘይት ቀይሬ በዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ።»

«አዲሱ ተሳቢ እንዴት ነው?»

«ሸጋ ነው። ሐሙስ አራቱንም ጭነን ዳገቱን ስንወጣ ከኋላዬ መኖሩንም ረሳሁት። ካወረድን በኋላ ሲስተር ብቻዋን ከማኪናው ፈትታ ወስዳ አቆመችው። እኔ፣ ሰጠኝና ሟቹ ቆመን ሳቅንባት።»

«አቶ ቢሻውስ?»

«የሸንበቆ ጋሪ አላይም ብሎ ቢሮው ተቀመጠ። እስከ ዛሬም ዞር ብሎ አላየው።»

ሲስተር አማረች የክትባቱን ሣጥኖች ክዳን ታጠብቃለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«በረዶው የሚቆየው እስከ ማክሰኞ ነው። ከዚያ በኋላ የምወጋው ውኃ ነው» አለች።

«አቶ ቢሻው የብረቱን ተሳቢ ምነው እንዲህ ሙጥኝ አለ?»

«እልህ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት የሠራበት ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጁንም ካጣት ወዲህ ሰውም አይመስል። ይመኙሽ ትባላለች፤ ደባርቅ አስተማሪ ነበረች። ወረቀት በትነሻል ተብላ ትፈለጋለች። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።»

የመጨረሻውን ስትናገር ሣጥኑን እንጂ የሻውን አላየችም። እሱም ልብ አለ፤ ግን አለፋት።

ቢሻው ቢሮ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ትልቅ ሰው ነው፤ እጆቹ የዓመታት ዘይት የጠጡ ናቸው።

«ጠዋት መሣሪያ ልወስድ መጥቼ አየሁት» አለ።

«መጎተቻውን አላነሡለትም?»

«ብቻዬን? የተሳቢ መጎተቻ እኮ ነው፤ አራት ሰው ይፈልጋል። ዘበኛውም ሽማግሌ ነው። ምንም ሳልነካ ወደ ጣቢያ ላክሁ።»

«ደግ አደረጉ» አለ የሻው፤ ቃሉንም እንዳለ ጻፈው።

ሰጠኝን ያሰሩት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። አርባ ዓመት የሆነው፣ ክንደ ጠንካራ፣ ንግግረ ቁጥብ ሰው።

«የገደለውን ታውቃለህ?»

«አላየሁም።»

«አላየሁም ሌላ፣ አላውቅም ሌላ።»

ሰጠኝ የታሰሩ እጆቹን አየ።

«ለመሞት ትቸኩላለህ እንዴ?»

«አራት ልጅ አለኝ፤ አልቸኩልም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሻው ተናደደ። በሥራው ብዙ ውሸታም አይቷል፤ ራሱን ሊያድን የማይፈልግ ግን አልገጠመውም።

በዚሁ ንዴት እንዳለ ወደ ብረቱ ተሳቢ ሄደ። ወለሉን በክርኑ ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሁለት ሳንቃ ሲያነሣ ከሥሩ ሌላ ወለል አገኘ፤ መካከሉ ስንዝር ተኩል ይሆናል። ገለባ ተነጥፎበታል፣ ብርድ ልብስም አለ። የታችኛው ቆርቆሮ አሥራ ሁለት ቦታ በመሰርሰሪያ ተበስቷል፤ ቀዳዳዎቹ እኩልና ልሙጥ ናቸው፤ የጥሩ ብረት ሠሪ እጅ ያረፈባቸው። ሰው አለመኖሩን አየና ገብቶ ተጋደመ። ጉድጓዱ ልክ ሆነለት። ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር፤ ይህን ጓድ ነጋ ቢያየው በዚህ ግቢ ማን እንደሚተርፍ አሰበ። ሳንቃዎቹን እንደነበሩ መልሶ ገጠማቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም በአዲሱ ተሳቢ ዙሪያ ሰበሰባቸው። ሰጠኝንም እጁ እንደታሰረ አመጡት። መጎተቻው መሬት ላይ ተኝቷል።

«ቅርብ ቅርብ በሉ» አለ የሻው። «አቶ ቢሻው፣ ይህን ብረት ከእግራችን ገለል ያድርጉልን።»

«አጋዥ ልጥራ?»

«እስኪ መጀመሪያ ይሞክሩት።»

ቢሻው እግሮቹን ከፈት አድርጎ ቆመ፤ ወገቡን አጠበቀ፤ በሁለት እጁ ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። መጎተቻው እንደ ቡሽ ተፈናጠረና ደረቱን መታው፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ላንድሮቨሩን ይዞ ቆመ። የሳቀ የለም።

«አሁን ሲስተር ያንሡት» አለ የሻው።

አማረች በአንድ እጇ አነሣችው፤ ቀስ ብላም አስቀመጠችው።

«በዚህ ብረት የሰው አናት አይፈርስም» አለ የሻው። «ቢወድቅበት ያበጠ ግንባር ይዞ ይነሣ ነበር። እግሩንም ተመልከቱ፤ ብየዳው አልተላቀቀም። ቧንቧውን ከጎኑ በመዶሻ መትተው አጠፉት። ስለዚህ ሐብተ ማርያም የተገደለው በሌላ ነገር ነው፤ ከሞተ በኋላ እዚህ አስተኝተውት መጎተቻውን ጣሉበት።»

«ቀጥቃጩ ራሱ አድርጎት ቢሆንስ?» አለ ጓድ ነጋ።

«ቀላል አድርጎ የሠራው እሱ ነው፤ ሰው ይገድላል ብሎ እንዴት ይጥልበታል? ትናንትም እዚህ አልነበረም። ላቀውና ሲስተር ሐሙስ ዕለት አንሥተውታል፣ አይተውታል፣ ስቀውበታል። ይህ መጎተቻ ይገድላል ብሎ የሚያምነው ከባዱን ተሳቢ ብቻ የሚያውቅ፣ ሐሙስ ለሙከራው ያልወጣ ሰው ነው። ትናንት ከገቡት መካከል እንዲህ ያለው አንድ ነው። ዛሬ ጠዋትም አራት ሰው ይፈልጋል ብሎኛል፤ አሁን ደግሞ ወገቡ መሰከረ።»

ሁሉም ወደ ቢሻው ዞሩ። ቢሻው የሚያየው ሰጠኝን ነበር። ሰጠኝ ግን መሬት መሬት እያየ ዝም ብሏል።

«ምክንያቱስ?» አለ ጓድ ነጋ ደብተሩን ገልጦ።

ቢሻው አፉን ከፈተ። ዓይኑ ሳያስበው ወደ ብረቱ ተሳቢ ሄደ። የሻው ቀደመው።

«ሠላሳ ዓመት የደከሙበት ተሳቢ ተንቆ የወለቃ ሰው ሥራ ተመረጠ። ትናንት በዚህ ተጨቃጨቃችሁ። እንዲያ ነው አይደል፣ አቶ ቢሻው?»

ቢሻው መቶ አለቃውን ለረጅም ጊዜ አየው። ሳንቃዎቹ መነሣታቸው ያን ጊዜ ገባው።

«እንዲያ ነው» አለ። «ውሳኔውን እንዲለውጥ ለመንኩት፤ ደጋግሜ ለመንኩት። ምክንያትህን ንገረኝ አለኝ፤ ምን ልንገረው? ሊሄድ ሲል በትልቁ መፍቻ መታሁት። የዚህን ሰው እጅ ፍቱለት።»

ጓድ ነጋ «የአድኃሪ ቅናት» ብሎ ጻፈና ደብተሩን ዘጋ። ደስ ያለው ይመስላል።

ሰዎቹ ሲበተኑ የሻው ሰጠኝን ወደ ተሳቢው ጀርባ ወሰደው።

«ቀዳዳዎቹን የበሳኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። አባትየው በምስጢር አሠራኝ። ደባርቅ የተደበቀችውን ይመኙሽን ሲመለስ በዚያ ውስጥ አድርጎ በኬላው ሊያሳልፋት፣ ከዚያ በአይከል አድርጎ ወደ ድንበር ሊወስዳት።»

«አንተ እሱ በሠራው ወንጀል ልትሞት ነበር እኮ። ምነው ዝም አልክ?»

«ብናገር እሷ ትያዛለች። ደባርቅ ሳትዛወር ወለቃ ስታስተምር፣ ልጆቼን ሌላው ተማሪ አብሬ አልቀመጥም ሲል ከፊት ወንበር አስቀምጣ አስተምራቸዋለች።» የተላጠ አንጓውን አሸት አሸት አደረገ። «እሱ ግን ዝም ማለቴን እያየ አሳልፎ ሰጠኝ። ይህን አልምረውም።»

የሻው አፍንጫውን ጠረገ። «አሁን ልጅቱ እዚያው ቀረች ማለት ነው።»

ሰጠኝ ግራ ቀኙን ቃኘ። ተሳቢውን፣ ፍርግርጉን፣ ከሥሩ የሚታየውን ጠጠር አየ።

«እርስዎም ሳንቃውን መልሰው ገጥመዋልና ልንገርዎ። በዚያ ጉድጓድ አቧራው ከዳባት ሳታልፍ ያፍናት ነበር። ይህን አይቼ ለሲስተር ነገርኳት። ትርፍ ነጭ ካፖርት አዘጋጅታላታለች። ሰኞ በላንድሮቨር ወጥተን፣ ሞተሮቹን አራግፈን፣ ከሐኪሞቹ ጋር ፊት ወንበር ተቀምጣ ልትመለስ ነው። ምንም የማይደበቅበት ባዶ ተሳቢ የሚጎትት ማኪና ኬላ ላይ ማን ይፈትሻል? ሐብተ ማርያም ይህኛውን ሲመርጥ እኔና ሲስተር እልል ልንል ምንም አልቀረን።»

«አባትየው አያውቅም ነበር?»

«ልቡ ስለተሸበረ አፉ ያመልጠዋል ብለን ፈራን። ስትመለስ ልናሳየው ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ላንድሮቨሩ አራቱን ሞተሮች አስከትሎ የወለቃን መንገድ ይዞ ሲወጣ የሻው ከዳር ቆሞ አየው፤ ማክሰኞ ከሰዓትም ባዶውን ተሳቢ እየጎተተ ሲመለስ አየው። ከሲስተር አማረች ጎን አንዲት ቀጭን ሴት ነጭ ካፖርት ለብሳ የክትባት ሣጥን አቅፋለች።

በዚያው ዕለት ይህን ለቢሻው ሊነግረው ወደ እስር ቤቱ ሄደ። ዘቡ በሩን ሊከፍትለት ቁልፉን አወጣ። የሻው ልጅዎ ድናለች የሚለውን ቃል በአፉ ያዘ፤ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ግን፣ እርስዎ ሰው ሳይገድሉም በዚያው በጠሉት ተሳቢ ሊያድኗት ነበር የሚለውን፣ እንዴት አድርጎ እንደሚያስቀረው አላወቀም። ዘቡን «ነገ እመለሳለሁ» አለውና ሄደ።