የእርጥብ ቤቱ አሰላለፍ

«ሚጥሚጣ የሌለው ብያለሁ እኮ!»

«የኔስ? ካዘዝኩ ስንት ጊዜዬ!»

«ቶሎ በሉ እንጂ፣ ፈረቃ ሊያልፈን ነው!»

ጣይባ የማንን ቀድማ እንደምትሰማ ጠፋት። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ፊት ለፊት ያለችው ዳቦ በተጠበሰ ድንችና በዳጣ ተሞልቶ የሚሸጥባት የእናቷ እርጥብ ቤት ከአራት ሰው በላይ አትይዝም፤ አራቱም ደግሞ አሁን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። ድንች የሚጠብሰው ሁንዴ ዳቦ ለማንሳት ሲዞር ሉላን በክርኑ ገጫትና ዳጣው ደረቷ ላይ ተደፋ። እትዬ ብዙወርቅ ከጥግ ተቀምጠው ድንች ይከትፋሉ። ጣይባ ግን ሁሉም ቦታ ነበረች፤ ከአክስቷ ልጅ ከሉላ እጅ ማንኪያውን፣ ከሁንዴ ጭልፋውን፣ ከእትዬ ብዙወርቅ ቢላዋውን እየነጠቀች።

የፋብሪካ ሰርቪሶቹ ሠራተኛውን የሚያራግፉት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ሥራ አንድ ሰዓት ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በር ላይ ፍተሻ አለ። ለመብላት የሚተርፈው ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ያን ቀን ግማሹ ሰው ሳይበላ ገባ። ስፌት ክፍል የምትሠራው እምነት፣ የዘወትር ደንበኛቸው፣ ባዶ እጇን መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር አለች።

«ኡምሰልማ እስክትመለስ ከማዶ ነው የምንበላው። እንዳትቀየሙን።»

የጣይባ እናት ኡምሰልማ ለወንድሟ ሠርግ ኮምቦልቻ ከወረደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት ተዘግቷል። ስትሄድ «የትምህርት ቤቱ ኳስ ቡድን አምበል አይደለሽም? በይ ይኼንንም ምሪ» ብላ ነበር ቁልፉን የሰጠቻት። ጣይባም ያን ዕለት ቁልፉን በጣቷ እያሽከረከረች፣ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞራ ነው ቤቷ የገባችው።

አሁን እምነት ከማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ስትገባ ስታይ ደሟ ፈላ።

«እትዬ ብዙወርቅ፣ በእርስዎ ምክንያት ነው እኮ!» አለች ጮክ ብላ። «ድንቹ ቢደርስ ኖሮ ይኼ ሁሉ ሰው ጥሎን ይሄድ ነበር?»

ያልተበተነው ሰው ሁሉ ሰማ። እትዬ ብዙወርቅ ከእናቷ በዕድሜ ይበልጣሉ። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አራት ቦታ አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

«በቃ፣ ተበላን» አለ ሁንዴ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ጣይባ ልምምድ ሄደች። ሜዳ ላይም አልሆነላትም፤ ኳሱ እግሯን የሚያውቀው አይመስልም። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በረኛዋ ትንቢት አንዲት ለስላሳ ኳስ በእግሮቿ መሐል አሳለፈች። ልጆቹ «ኧረ ትንቢት!» ብለው ጮኹ። አሠልጣኟ ኮች ፈለቀች ፊሽካ ነፉና ወደ ጎሉ ሄዱ። ጣይባ ቅርብ ስለነበረች የተናገሩትን ሰማች።

«ምን ታየሽ?»

«ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ነች ኮች። ኳሷን ያየኋት እግሬ ስር ስትደርስ ነው።»

ኮች ራሳቸው በረኛዋ ቦታ ቆመው ዓይናቸውን አጨናበሱ። «እኔማ ሁለት ኳስ ነው የታየኝ» ብለው ሳቁና ጎሉን ወደ ሌላው ጫፍ አዞሩት። ከዚያ በኋላ ትንቢት አራት ኳስ አዳነች፤ አንዷን እንዲያውም በአየር ላይ ተወርውራ።

ልምምዱ ሲያልቅ ጣይባ ኳሶቹን ወደ መረቡ ከረጢት እያስገባች የጠዋቱን ነገር ለኮች ነገረቻቸው።

«አንቺስ የት ቦታ ነው የምትጫወቺው?» አሉ ኮች።

«እርጥብ ቤት? ሁሉም ቦታ።»

«እንደዚያ ሜዳዬ ላይ ብትሮጪ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስወጣሽ ነበር» አሉና ከረጢቱን ተሸክመው ሄዱ።

እትዬ ብዙወርቅ የሚኖሩት አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ጣይባ ታክሲ ውስጥ የደረደረችው ንግግር በሩ ሲከፈት ብን ብሎ ጠፋ።

«ሰው ፊት ጮኽኩብዎት» አለች። «አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ ብዙወርቅ ከበሩ ገለል አሉላት። «ግቢ፤ ይኼ ዝናብ ተመልሶ ሊመጣ ነው።»

ጣይባ ዱካው ላይ ቁጭ አለች። «ከዚያ ጥግ ሆነው ምን ይታይዎታል?»

«ግድግዳ።»

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቁ።

«ሰዉን ግን በድምፁ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። «እምነት ሚጥሚጣ አትወድም። ያ ረጅሙ ጥበቃ ድንች ይብዛልኝ ባይ ነው። ባለመነጽሯ ዳጣ በሌላ ወረቀት ነው የምትፈልገው። እናንተ ሁሌ እንደ አዲስ ስትጠይቋቸው ነው ጊዜው የሚያልቀው። ደግሞ በማርያም፣ ቢላዋዬን አትንጠቂኝ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሰዉ ጭር ሲል፣ እሳት ሳያነዱ ልምምድ ጀመሩ። እትዬ ብዙወርቅ መስኮቱ ላይ ቆሙ። ሁንዴ ከመጥበሻው ፊቱን እንዳያዞር ተነገረው። ሉላ ዳቦ ትሰነጥቃለች፣ ትሞላለች። የታክሲ ሾፌሩ መንሱር ተራ እስኪደርሰው ድረስ ደንበኛ ሆነላቸው፤ አንዴ በቀጭን፣ አንዴ በወፍራም ድምፅ እያዘዘ፣ ባዶ ወረቀት እየተቀበለ «ጨው አንሶታል!» እያለ። በመጀመሪያው ዙር ሁንዴና ሉላ ተጋጩ። በሦስተኛው ማንም ማንንም አልነካም።

«ይኼማ የኳስ ቅብብል ነው፤ ቲኪታካ!» አለች ሉላ።

«አንቺስ?» አሏት እትዬ ብዙወርቅ ጣይባን።

ጣይባ የድንቹን ቅርጫት አንስታ ጥጉ ላይ ተቀመጠች።

ሐሙስ ጠዋት ሰርቪሶቹ ደረሱ። እትዬ ብዙወርቅ በመስኮቱ ብቅ ብለው ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተጣሩ፤ «እምነት! ያለ ሚጥሚጣ ተዘጋጅቶልሻል!» እምነት መንገዱ መሐል ቆመች፣ ሳቀች፣ ተመለሰች። ሌሎቹም ተከተሏት።

በዚያ ሁሉ ጥድፊያ መሐል ሉላ የተሞላ ትሪ ገለበጠች። ሰባት እርጥብ መሬት ላይ ተበተነ። ሁሉም ወደ ጥጉ ዞረው ጣይባን አዩ። ጣይባ ግማሽ ተነስታ ነበር፤ አፏም ተከፍቷል። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

«ምን ላቀብልሽ?» አለች።

«ዳቦ!» አለች ሉላ፣ በግማሽ ለቅሶ።

ዳቦው ደረሰ። መስመሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ደጁ ላይ የቀረ ደንበኛ አልነበረም። ሁንዴ ጭልፋውን እንደ ዋንጫ ወደ ላይ አነሳው።

ያኔ ነው እናቷ የደወለችው።

«ማነው እንዲህ የሚስቀው?»

«እትዬ ብዙወርቅ ናቸው። መስኮቱ ላይ እሳቸው ናቸው ያሉት።»

«እንዴ! አንቺስ?»

«ድንች እየላጥኩ።»

«ምሪ ብዬሽ ድንች ትልጫለሽ? እሺ፣ ግድ የለም፤ ሰኞ ስመጣ ሁሉንም ወደየቦታው እመልሳለሁ።»

ጣይባ ቀና ብላ አየች። እትዬ ብዙወርቅ በክርናቸው መስኮቱን ተደግፈው፣ አርፍዶ ከመጣ አንድ ጥበቃ ጋር ይቀላለዳሉ። «እሺ እማ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«እማ» አለች፣ «ሰኞ ወዲያው ወደ ውስጥ አትግቢ። ከሰርቪሱ ከሚወርዱት ጋር ተሰለፊና አንድ እርጥብ እዘዢ። ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ያዘችና ሌላ ድንች አነሳች።