ስምንትና ዘጠኝ የሌሉበት ወረቀት

«አሁንም ትልልቅ ነው። እንደ አተር አድቅቁት» አለ የሾርባ ቤቱ ባለቤት ባይ፣ ሁለቱን የዳቦ ሳህኖች ለሁለተኛ ጊዜ እየመለሰ።

በቻይናዋ ዢያን ከተማ የበግ ሾርባ የሚፈስበትን ዳቦ የሚፈረፍረው በላተኛው ራሱ ነው። ስለዚህ ሉ ጂንግሄ አልጠረጠረም።

መጠርጠር ነበረበት።

ሉ በመንግሥቱ ምስጢር ፖሊስ ቤት ኮድ ፈቺ ነው። መንግሥቱ ለሚያሳድዳቸው የተራራ ተዋጊዎች ግን በምስጢር ስሙ «ሸምበቆ» ነው። ፊቱ የተቀመጡት መምህር ጉ ዘጠኝ ቀን በእግራቸው ተጉዘው አራት ወረቀት ይዘው መጥተዋል። ጃፓንን ለሚዋጋ ሕዝብ የተሠራ የኅብረት መዝሙር ዜማ ነው። ሌላውን ቅጂ ቦምብ በልቶታል። ግጥሙ ቀድሞ መንግሥቱ ወዳለበት ቾንግቺንግ ገብቷል፤ አራት መቶ ዘማሪ ዜማውን ይጠብቃል።

ጉ ወረቀቱን ሊያቀብሉ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደዱ።

በሩ ተበረገደ።

የሉ አለቃ ሙ ሽጉጡን ደግኖ ገባ። ባይ ጣቱን ወደ ጉ ቀሰረ። ቀጠሮውን ሸጦታል፤ ዳቦውን የመለሰውም ሊያቆያቸው ነው፤ ከንቱ ሰው። የሉን ማንነት ግን አያውቅም።

ሉ ብድግ ብሎ የጉን ፊት በጥፊ አጮለው። ወረቀቱን ነጠቀ።

«ተከታትዬ ይዤዋለሁ፣ ጌታዬ።»

ሙ ወረቀቱን ገለባበጠው። ከላይ እስከ ታች ቁጥር ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አንተ ሽማግሌ?»

«ዜማ ነው።»

«ዜማ? እኔ እኮ ሻንጋይ ፒያኖ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዜማ በአምስት መስመር ላይ ነው የሚጻፈው።»

አይ ሙ! ድምፁ ከአንድ እስከ ሰባት ባለው ቁጥር ተጽፎለት የማይዘምር የአገሩ ተማሪ የለም። እሱ ግን ተራ ሰው የያዘውን ወረቀት ማየት ይጠየፋል።

«ልክ ነዎት፣ ጌታዬ» አለ ሉ። «ስምንትና ዘጠኝ የለበትም። ከባድ ኮድ ነው። አባዝተን ቾንግቺንግ ላሉት ፈቺዎች እንላከው።»

ጉ ቀና ብለው አዩት። ዜማ ነው ብለው ቢጸኑ አንድ አስተማሪ ተጠርቶ ይመሰክርላቸዋል፤ ቅጣቱ እስር ነው። ኮድ ነው ካሉ ጥይት ነው፤ ወረቀቱ ግን ቾንግቺንግ ይገባል።

«ኮድ ነው» አሉ። «መፍቻውን ከእኔ አታገኙም።»

ሙ ፈገግ አለ። ይሄ ጅል እንዳሸነፈ ነው የመሰለው።

በማግስቱ ጉ ተረሸኑ። ሉ በሙ ማባዣ ሃያ ቅጂ አወጣ፣ በሙ ማኅተም አተመ። በአንዱ ፖስታ ላይ የዘማሪዎቹን አድራሻ ጻፈ። የወሰደው የሙ የራሱ አውሮፕላን ነው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ከቀትር በፊት፣ ስደተኞች ያንኑ ዜማ እየዘመሩ በሙ ቢሮ ሥር አለፉ። የጉ ጉንጭ አሁንም የሉን መዳፍ ያቃጥለዋል።

«ያ ኮድ ተፈታ?» አለ ሙ።

«ገና ነው፣ ጌታዬ።»

«ደናቁርት ሁሉ። እነዚህም ጯሂዎች ጆሮዬን በሉት። መስኮቱን ዝጋው።»

ሉ መስኮቱን ያዘ። የመጨረሻው ሰልፈኛ እስኪያልፍ ድረስ አልዘጋውም።

«ተጣብቋል፣ ጌታዬ» አለ።

ከዚያ ዘጋውና በቢሮው ካሉት ዘጠኝ ጸሐፊዎች መሐል ሄዶ ተቀመጠ።