መምህሩ የማይጽፈው ዐረፍተ ነገር

መምህሩ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በቋንቋ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ጠባብ ቢሮው ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሚስቱ በስልክ ተጠርታ ስትደርስ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውት ነበር። ጨርቁን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ግን ዓይኗ ጥግ ላይ ቆማ ስቅስቅ ብላ የምታለቅስ ወጣት ላይ ወደቀ፤ እጇም አየር ላይ ቀረ።

«ይቺ ደግሞ ምኑ ሆና ነው ከእኔ ቀድማ የምታለቅሰው?» አለች በሆዷ።

ልጅቷ አራሚ ናት። መምህሩ ላለፉት ሦስት ዓመታት የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፣ ረቂቁን እያነበበች ስህተት ትለቅምለት ነበር። ሚስትየዋ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣችው በእሷ ምክንያት ነው።

አየር ላይ የቀረውን እጅ መርማሪው አየ። አጠር ያለ፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን በጣም ዝቅ ስለሚያደርግ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ወደ እሱ ጠጋ ይላል። ሚስትየዋን አጠገቡ ወዳለው ባዶ ክፍል ወስዶ የተማሪ ወንበር ላይ አስቀመጣት።

«ዛሬ እዚህ መጥተው ነበር?»

«ምሳ ሰዓት ላይ መጥቻለሁ። ተጣልተናልም። ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቶ የለ፣ ምን እደብቃለሁ?»

«በምን ተጣላችሁ?»

ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ካርድ አውጥታ ሰጠችው። «ከሁለት ሳምንት በፊት ኮቱን ላጥብ ስል ኪሱ ውስጥ ያገኘሁት ነው። የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፤ ፕሮፌሰሩ ነው ያነበበልኝ።»

ፕሮፌሰሩ እንኳ እውነተኛ ፕሮፌሰር አይደለም። የመምህሩ የሃያ ዓመት ባልደረባ ሲሆን፣ ከረባት ሳያስር ከቤቱ ስለማይወጣ ተማሪዎች ያወጡለት ስም ነው።

«ምን ይላል አለዎት?»

«‹አገባሃለሁ የሚል ቃል ገብታልኛለች› ይላል አለኝ። ማናት እሷ ስለው፣ ‹እህቴ፣ እኔ ትዳር ማፍረስ አልፈልግም› ብሎ በዓይኑ ወደ አራሚዋ ወንበር ጠቆመኝ።»

መርማሪው ካርዱን አገላብጦ አየው። አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ናቸው፤ ጥግ ላይ «14ሀ» ተብሎ ተጽፏል።

«የልብ በሽታ እንደነበረበት ሰምቻለሁ። መድኃኒቱን የት ነበር የሚያስቀምጠው?»

«ኮቱ ኪስ ውስጥ። ኮቱ ደግሞ መምህራን ክፍል ተሰቅሎ ነው የሚውለው። ምነው? እኔን ነው እንዴ የጠረጠሩት?»

«ቅናት ያለበት ሞት ነው» አለ መርማሪው። «የማን ቅናት እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም።»

እሷን እዚያው ትቶ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ግድግዳው ስስ ነው። ሚስትየዋ ጆሮዋን ማስጠጋት እንኳ አላስፈለጋትም፤ የአራሚዋ ድምፅ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ በድምፁ ውስጥ ፍቅር አለ የለም እያለች ታዳምጥ ጀመር።

«ስምንት ሰዓት ላይ የምዕራፍ ዐሥራ አራትን እርማት ሰጥቼው ማተሚያ ቤት ሄድኩ። እስከ ዐሥር ሰዓት እዚያው ነበርኩ፤ እነሱን መጠየቅ ይችላሉ።»

«ጠላት ነበረው?»

«ጠላት እንኳ አይባልም… ምዕራፍ ዐሥራ አራትን መጀመሪያ የጻፈው ፕሮፌሰሩ ነበር። መምህሩ ሙሉውን ሰርዞ እንደ አዲስ ጻፈው። የፕሮፌሰሩም ስም ከሽፋኑ ላይ ወጣ።»

«በምን የተነሳ?»

«በአንዲት ቃል። ‹ዛት› በምትባል።»

«እስቲ ለእኔ ቢጤው በሚገባ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«በእንግሊዝኛ ከስም ቀጥሎ የሚመጣ ‹ዛት› ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ‹ያመጣው ወሬ› እንደማለት ነው፤ የትኛው ወሬ እንደሆነ ይለይልዎታል። እዚያ ላይ ‹ዛት›ን አውጥተው በምትኩ ‹ዊች› ቢያስገቡ ችግር የለም። ሁለተኛው ግን ‹ሞተ የሚል ወሬ› እንደማለት ነው። ወሬው ራሱ ምን እንደሆነ ነው የሚናገረው። እዚህ ላይ ‹ዛት› እንጂ ‹ዊች› አይገባም። ፕሮፌሰሩ ግን ‹ዊች› ሁሉም ቦታ ይገባል፣ እንዲያውም ጽሑፉን ያከብረዋል ብሎ ሃያ ዓመት አስተምሯል።»

«እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ‹የሚል› ማለት ከቻልኩ፣ በእነሱ ‹ዊች› ማለት አልችልም?»

«እንዴ! መምህሩም እንዲህ አድርጎ ነበር የሚያስረዳው» አለች፤ መልሳም አለቀሰች።

ሚስትየዋ ጥርሷን ነከሰች። ለእሷ አንድም ቀን እንዲህ አስረድቷት አያውቅም።

ቀጥሎ የገባው ፕሮፌሰሩ ነበር። ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ፣ «ወንድሜ ነበር» አለ።

«ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?»

«ክፍል ውስጥ። ከሰባት እስከ ዐሥር ሰዓት አስተማርኩ።»

«ሬሳውን አይተዋል?»

«እኔ ስደርስ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ሬሳውንም፣ ቢሮውንም አላየሁ።»

ሊመሽ ሲል መርማሪው ሦስቱንም በዚያው ባዶ ክፍል ሰበሰባቸው። ሚስትየዋ ከአራሚዋ በጣም ርቃ ተቀመጠች። ፕሮፌሰሩ የፊት ወንበር ላይ ሆኖ ከረባቱን አስተካከለ።

«ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ሻይ እንጀምር» አለ መርማሪው። «መምህሩን የገደለው የራሱ የልብ መድኃኒት ነው፤ ስኒው ውስጥ ብዙ ክኒን ተፈጭቶ ተበጥብጧል። ሊሞት የቆረጠ ሰው ክኒኑን በውሃ ይውጣል እንጂ ከራሱ ለመደበቅ አይፈጨውም። ስለዚህ የፈጨው ሌላ ሰው ነው።»

ከዚያ ሁለት ካርዶች አውጥቶ ለአራሚዋ ሰጣት። «አንዱ እኚህ እመቤት ኪሱ ውስጥ ያገኙት ነው። ሌላው ጠረጴዛው ላይ ካለው ሳጥን ውስጥ የወጣ ነው። አንብቢልን።»

«ዐሥራ አራት ‹ሀ›፣ ‹የገባችው ቃል›። ዐሥራ አራት ‹ለ›፣ ‹እመጣለሁ የሚል ቃል›። የምዕራፉ ምሳሌዎች ናቸው።»

«‹አገባሃለሁ› የሚል አለበት?»

«ኧረ የለበትም!»

ሚስትየዋ ፊቷ እሳት ለበሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ባሏን ምን ምን ብላ እንደሰደበችው አንድ በአንድ ትዝ አላት። ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረች። «አንተ! ምን ብለህ ነበር ያነበብክልኝ?»

«በችኮላ ተሳስቼ ይሆናል፣ እህቴ።»

«አምስት ቃል ሲያነቡ?» አለ መርማሪው በለሆሳስ። «ይሁን። አንድ ነገር ቀርቶናል። ጠረጴዛው ላይ በኮምፒውተር የተጻፈ የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበር። መጀመሪያ የገባችው ጽዳት ሠራተኛ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ከእሷ ቀጥሎ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ወዲያውም ለማንም ሳላሳይ ኪሴ ከተትኩት። ‹ሚስቴ አታምነኝም የሚለውን ሐቅ ተሸክሜ መኖር አልችልም› ይላል። ሐቅ ካለው ቀጥሎ ‹ዛት› ብሎ ነው የጻፈው። እንግዲህ መምህሩ በሞቱ ሰዓት እንኳ ሕጉን አልሳተም፤ ምዕራፍ ዐሥራ አራትን በፊርማው አጸናው ማለት ነው። የተሰረዘው ሰው የተሰረዘው በሚገባ ነው።»

የፕሮፌሰሩ አንገት ደም ሥር ተገተረ።

«በሚገባ አሉ? ወረቀቱን ማንበብ አቅቶዎት ነው እንጂ ‹ዊች› ነው የሚለው! በመጨረሻ እኔ ልክ እንደሆንኩ አምኖ ነው የሞተው!»

መርማሪው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለአራሚዋ አቀበላት።

«‹ዊች› ነው የሚለው» አለች አንብባ። «መምህሩ ይህን አይጽፍም። ቢገድሉትም አይጽፍም።»

«እኚህ እመቤት እንግሊዝኛ አይችሉም። አንቺ ይህን ስህተት ስትለቅሚ የኖርሽ ነሽ፤ በዚያ ሰዓትም ማተሚያ ቤት እንደነበርሽ አረጋግጫለሁ። ፕሮፌሰሩ ግን ያላዩትን ወረቀት ቃል በቃል ያውቁታል። ተማሪዎቻቸውንም ጠይቄያለሁ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መልመጃ ሰጥተዋቸው ለሩብ ሰዓት ወጥተዋል። አስቀድመው በካርዱ ጥል ዘሩ፤ ጥሉ ኮሪደር ላይ ሲፈነዳ፣ ሞቱን ለዚያ ጥል ሰጡት።»

የፕሮፌሰሩ ድምፅ ፍጹም የተረጋጋ ነበር።

«ከሃያ ዓመት በፊት እኩል ጀምረን፣ ተማሪው ወደ እሱ ሄደ፤ ትዳሩም ለእሱ ሰመረ። ለእኔ የቀረችኝ አንዲት ምዕራፍ ነበረች። እሷንም በእርሳስ፣ በአንድ መስመር ሰረዛት። ሻዩን ስሰጠው ‹እግዜር ይስጥልኝ› አለኝ፤ ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወረዱ። መርማሪውም ተከተላቸው።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ሚስትየዋ ብዙ ከራሷ ጋር ከታገለች በኋላ ተነስታ አራሚዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ወዶሽ ነበር?»

«እትዬ፣ ሦስት ዓመት አብሬው ስሠራ ስሜን አያውቀውም ነበር። ‹አራሚዋ› ነበር የሚለኝ።»

«ስለ እኔስ ያወራ ነበር?»

ልጅቷ ለመዋሸት አፏን ከፈተች፤ ግን አልሆነላትም። «አያወራም ነበር፣ እትዬ። ስለ መጽሐፉ ብቻ ነበር የሚያወራው።»

ሚስትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ልብ የሚሰብር መልስ ነበር፤ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንቆ ይዟት የነበረው ነገር ለቀቃት። ከሰው ጋር ነው የምፎካከረው ብላ ነበር። ተነስታ ወደ ቢሮው ገባች፤ ጨርቁን ገለጠች፤ የባሏን ግንባር ሳመች።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወደተቆለለው ረቂቅ ዞራ፣ ጣውንቷን እንደምታይ ሴት ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይኸኛው እንኳ» አለች፣ «ባሌን ከእኔ ይበልጥ ያውቀው ነበር።»