በፊውዙ ፋንታ

የፊዚክስ ፈተናው ጥያቄ ሰባት ላይ ስትደርስ ሚጢጢ ፈገግ አለች። ተኝታም የምትሠራው ዓይነት ነው። ባለ 220 ቮልት መስመር ላይ 5 አምፒር የሚስብ ማሞቂያ አለ፤ ሬዚስታንሱና ፓወሩ ስንት ነው? ቮልቴጁን ለከረንቱ ስታካፍል 44 ኦም፣ ሁለቱን ስታባዛ 1100 ዋት። ጓደኞቿ «ቀለሜዋ» የሚሏት በከንቱ አይደለም።

እስክሪብቶዋ ግን እዚያው ቆመ። ይህን 1100 ታውቀዋለች። በየማታው በጨርቅ የምትወለውለው፣ በእህቷ የውበት ሳሎን ውስጥ ካለው የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ጀርባ የተለጠፈው ቁጥር ነው።

ጥያቄው ይቀጥላል። እንዲህ ያሉ አራት ማሞቂያዎች በአንድ መስመር ላይ አብረው ቢሠሩና የመስመሩ ሽቦ ሬዚስታንስ 0.5 ኦም ቢሆን፣ በሽቦው ላይ ብቻ ስንት ዋት ወደ ሙቀት ይቀየራል? አራት ጊዜ አምስት፣ ሃያ አምፒር። ሃያ በሃያ፣ በግማሽ ሲባዛ ሁለት መቶ ዋት። በሁለት ካስክ ቢሆን ሃምሳ ብቻ ነበር። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ሳሎኑ ሁለት ካስክ ነበረው። ትናንት እህቷ ዛሬ ለሚመጡት ተመራቂዎች ብላ ሁለት ተጨማሪ ተውሳ መጣች። አራቱ አንድ ላይ ሲበሩ ፊውዙ ተቃጠለ።

«ይሄን ሁሉ ፊዚክስ ለምንሽ ነው የምትሸመድጂው?» አለቻት እህቷ። «አንድ መላ በይኝ እንጂ።»

ሚጢጢም ከአሮጌ ገመድ ወፍራም ሽቦ ቆርጣ በፊውዙ ፋንታ አሰረች። አራቱም ካስኮች ሠሩ። እህቷ ግንባሯን ስማ «የኔ ኢንጂነር» ስትላት ጊዜ ቁመቷ የጨመረ ሁሉ መሰላት። ዛሬ ጠዋት ታዲያ የሆነ የተቃጠለ ነገር ሸቷት ነበር።

«ጸጉር ነዋ» ብላ ሳቀችባት እህቷ። «ሳሎን ውስጥ ሌላ ምን ሊሸትሽ ነው? ሂጂ፣ ፈተናሽ እንዳያመልጥሽ።»

ፊውዝ ቀድሞ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው። ይህንን ባለፈው ወር ለክፍሉ ልጆች ያስረዳቻቸው ራሷ ሚጢጢ ናት። አሁን ግን በፊውዙ ቦታ ያለው እሷ ያሰረችው ወፍራም ሽቦ ነው።

ይህን ፈተና ያልጨረሰ ወደሚቀጥለው ክፍል አያልፍም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እህቷ ናት፤ ትምህርቷን ከመሃል ያቋረጠችውም ለእሷ ብላ ነው። «እኔ የጀመርኩትን አንቺ ጨርሺልኝ» ትላታለች፣ ስትቆጣትም ስታቆላምጣትም።

እጇን አወጣች። ተማሪው «ራዳር» የሚለው ፈታኝ መጣ።

«ቲቸር፣ ስልክ መደወል እችላለሁ?»

«በፈተና ሰዓት? ቀልደኛ ነሽ።» ከዚያ ፊቷን አየና ድምፁ ለሰለሰ። «ላብ በላብ ሆነሻል እኮ። አመመሽ እንዴ?»

ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም አለ። አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ራዳር ወረቀቷን ተቀብሎ ዳር ላይ «ታማ ወጣች» ብሎ ጻፈ።

«ለታመመ ድጋሚ ፈተና አለ። አይዞሽ» አላት።

ቁልቁለቱን በአንድ ትንፋሽ ወረደችው። ከሳሎኑ የሚወጣ ጭስ የለም። ውስጥ አራት ተመራቂዎች ጸጉራቸውን በቢጎዲን ተጠቅልለው ካስክ ስር ይሳሳቃሉ። ለአፍታ ያህል በራሷ በገነች፤ ፈተናዋን ትታ የመጣችው ለዚህ ነው? ቢሆንም በሩ ጀርባ ያለውን ዋና ማብሪያ ወደ ታች ሳበችው። ካስኮቹ ጸጥ አሉ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ፈተናውስ?» አለች እህቷ፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች።

ሚጢጢ የእህቷን እጅ ይዛ ከሶኬቱ በላይ ግድግዳው ላይ አስነካቻት። እህቷ እጇን መንጭቃ አነሳች። ቀለሙ አረፋ አውጥቶ፣ የሶኬቱ ዙሪያ ጠቁሯል።

«እኔ እኮ ጸጉር ነው ብዬ...» አለችና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«የኔ ጸጉር እርጥቡን ሊቀር ነው?» አለች አንዷ ተመራቂ።

«ከነነፍስሽ እርጥብ ብትሆኚ ይሻልሻል» አለቻት ጓደኛዋ፣ ግድግዳውን እያየች።

ሴቶቹ በር ላይ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ ሚጢጢ ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ሽቦውም፣ አሞኛል ብላ ስለመውጣቷም።

«ድጋሚ አለ ብሎሻል?» እህቷ ተነፈሰች። «ተመስገን። እንግዲያው ታመሻል፣ አለቀ። የሽቦውን ነገር እዚሁ እንቅበረው። ያሳሰርኩሽስ እኔው አይደለሁ?»

ሚጢጢ ሽቦውን ከፊውዝ ሳጥኑ ፈትታ መዳፏ ላይ አኖረችው። ግድግዳው እንዲያ ሆኖ እሱን ምንም አልነካውም፤ ትናንት እንደቆረጠችው ነው። ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ከተተችውና ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«ቲቸር ጋ።»

«ምን ልትይው?»

«አላመመኝም ልለው» አለችና ዳገቱን ቀስ እያለች ወጣችው።