የወንበሩ ልክ

«ግፊው! አትፍሪ፣ ያስገባል!» አለ አባቷ በሩን በአንድ ጣቱ ከፍቶ።

ልጅቷ የወንድሟን ተሽከርካሪ ወንበር ገፋች። ጎማው ሳይንገጫገጭ ሰተት ብሎ ገባ። ክፍሉ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል፤ ሴራሚኩ ፊት ያሳያል። ክፍሉ ያለበት አዲሱ ቤተ መጻሕፍት የሚመረቀው ነገ ነው። ይህን የአካል ጉዳተኞች መጸዳጃ ቤት የሠራው ደግሞ አባቷ፣ ግንበኛው ነው።

«አየሽ ፌንጣ? መደገፊያው ብረት፣ መታጠቢያው ዝቅ ያለ፣ መዞሪያው ሰፊ! ያን ቅዳሜ ወንበሩን ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነበር። ሁሉንም በሱ ነው የለካሁት።»

ፌንጣ የሚላት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው። ያን ቅዳሜ ታስታውሰዋለች፤ ወንበሩ ሥራ ሲውል ወንድሟ አልጋው ላይ ጣሪያ ሲያይ ዋለ።

ወንድሟ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አይናገርም፤ ቀበቶ ካልያዘው ቁጭ ማለት አይችልም። ቤት ውስጥ «ጌታው» ይሉታል፤ ሁሉም ለሱ ይላላካል፣ እሱ ደግሞ በሳቁ ብቻ ያዛል። አሁን ግን አልሳቀም። አገጩን አንስቶ ረዘም ያለ «እእእ» አሰማ።

«ምን አለ?» አለ አባቷ።

«ዳይፐሩ ይቀየር ነው የሚለው።»

የአባቷ ፊት በራ። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጌታው ራሱ ይመርቀው! በይ፣ እኔ ውጭ ልቆይ።»

መቀየር ሲባል አባቷ ሁሌም ውጭ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። ድሮ እናቷ «ተወው፣ እኔ አለሁ» አለችው፤ በዚያው ለመደ። ልጅቷ ከፍ ስትል ደግሞ እናቷን ማገዝ ጀመረች።

ዙሪያውን አየች። ወንድሟ ለመቀየር መተኛት አለበት፤ መተኛ ግን የለም። ያለው ወለሉ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ያ አሮጌ አንሶላ አለ፤ እሷና እናቷ መናኸሪያም ክሊኒክም የሰው ጫማ በረገጠው ወለል ላይ የሚያነጥፉት። በሰው መጸዳጃ ቤት መናደድ ቀላል ነበር። ይኸኛው ግን የአባቷ ነው።

«ቤት እንሂድ» ብትለው ይሄዳል። ነገም ደረቱን ነፍቶ ይጨበጨብለታል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ግን ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ወንድሟ ደግሞ ዓይኑን ከሷ ላይ አልነቀለም። አንጀቷን በላት።

«አባዬ፣ አትውጣ።»

«ምነው?»

«ብቻዬን አላነሳውም።» አንሶላውን አውጥታ ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

«መሬት ላይ? ኧረ ተይ! ቤት አልጋ ላይ አይደል እንዴ የምትቀይሩት?»

«ቤት አልጋ አለ። ውጭ ስንወጣ ሁሌም መሬት ላይ ነው። እማዬን ወገቧን የሚያማት ከምን መሰለህ?»

አባቷ ክው አለ። ብረቱን አየ፣ መታጠቢያውን አየ፣ ልጁን አየ።

«ወንበሩን ነው የለካሁት» አለ ቀስ ብሎ።

«ምንም አይደል» የሚለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። «አንተ ብብቱን ያዝ፣ እኔ እግሩን። ሦስት ስል።»

አባቷ ጃኬቱን አውልቆ ከልጁ ራስ ሥር አደረገለት። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያነሳ የሚውለው እጅ ዳይፐሩን ዘርግቶ ከልጁ ሥር አስገባ።

«እንዲህ ነው?»

«ገልብጠኸዋል፣ አባዬ።»

ጌታው ክፍሉ እስኪያስተጋባ ሳቀ። አባቷም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ልብሱን አልብሰውት ሲጨርሱ አባቷ ተንበርክኮ ቀረ። ከኪሱ ሜትሩን አወጣ።

«ጫፉን ተረከዙ ጋ ያዢልኝ።»

ያዘች። አባቷ ሜትሩን እስከ ልጁ አናት ሳበው። «አንድ ሜትር ከሰባ አራት። መተኛው ከዚህ ማነስ የለበትም» አለና ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ሰጣት። «ጻፊው።»

«የት?»

ምንም ያልተገጠመበትን ነጭ ግድግዳ በአገጩ አሳያት።

«አባዬ፣ ነገ እኮ እንግዶች ይመጣሉ!»

አባቷ የልጁን ፀጉር ያስተካክላል። እርሳሱን ይዛ ወደ ግድግዳው ሄደች። ከዚያ ከበሩ ላይ እንዲነበብ፣ ቁጥሩን በትልቁ ጻፈችው።